ከወሎ የወጣ ማስረጃ፣ ወሎ ላይ የቀረ ሥራ

(ደሴ ላይ ለሳይንስና ለሰብአዊ ጥናት መምህራን፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ። «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ክቡራን መምህራን፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ጥሪውን አክብራችሁ የተገኛችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእሰ ጉዳይ «የኮሌጁ ሰዎችና ምርምራቸው» የሚል ነው። በተለመደው መንገድ ብሄድበት ኖሮ ስንት መምህር ሦስተኛ ዲግሪ እንዳለው፣ ስንት ጽሑፍ በየትኛው መጽሔት እንደታተመ፣ ስንት ፕሮጀክት እንደተጠናቀቀ በሠንጠረዥ ማሳየት ነበረብኝ። ያንን ሥራ የምርምር ጽሕፈት ቤቱ በየዓመቱ ስለሚሠራው ለእርሱ ልተውና እኔ ከአንድ ጥያቄ ልነሣ። ባለፉት 50 ዓመታት ስለ ወሎ ተጽፈው በዓለም ምሁራን ዘንድ ከታወቁት ሥራዎች ውስጥ ማስረጃው የተመረመረው የት ነው? ጽሑፉስ የተጻፈው የት ነው? ሳይንስና የሰብአዊ ጥናት ጎን ለጎን የሚኖሩበት ኮሌጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚታየን ይህን ጥያቄ ስንመልስ ይመስለኛል።

ማስረጃው በአብዛኛው ከዚህ ወጥቷል። የሐይቃችን ደለል ዌልስ ደርሷል፤ የማሽላችን ዘር ኢንዲያና ውስጥ ተፈትሿል፤ የገዳማችን ወንጌል ማይክሮፊልም ሚኒሶታ ውስጥ ተነቧል፤ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋም እንግሊዝ አገር በታተመ ሥራ አማካይነት የዓለም የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት መከራከሪያ ሆኗል። ይህን በቅሬታ አልናገረውም። በእነዚያ ዓመታት ደሴ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ ከጀመሩት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ማስረጃውን ያወጡት ሰዎች ባይመጡ ኖሮ ዛሬ የማነግራችሁ ነገር ባልኖረ ነበር። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው፦ ከሩቅ የመጣ ተመራማሪ ማስረጃውን ይዞ መሄድ ይችላል፤ ሊያደርገው የማይችለው አንድ ነገር ግን እዚሁ ተቀምጦ በየወሩና በየዓመቱ ያንኑ ነገር ደግሞ ደጋግሞ መለካትና መጠየቅ ነው። የዚህ ኮሌጅ ድርሻ እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ከሐይቅ ልጀምር። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተሁለደሬ ወረዳ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝም የለውም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ዝናብ ሲበዛ ከፍ፣ ሲያንስ ዝቅ ስለሚል የአካባቢውን የአየር ንብረት በራሱ አካል ይመዘግባል። በዚህ ላይ በዙሪያው ያሉ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የሚበትኑት የአበባ ብናኝ ከውኃው ላይ ወድቆ ወደ ታች ይሰጥማል። ጥልቁ የሐይቁ ወለል ኦክስጅን ስለሚያንሰው ብናኙ ሳይበሰብስ በየዓመቱ ደለል ሥር ይቀበራል። የጥድ ብናኝ ከዝግባው፣ የወይራው ከክትክታው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅርጹ የተለያየ ነው። ከላይ እስከ ታች በቱቦ የወጣ ደለል በየሳንቲ ሜትሩ ተቆርጦ፣ ብናኙ ተቆጥሮ፣ ዕድሜው በሬዲዮካርቦን ሲለካ አካባቢው ምን ለብሶ እንደነበረ ዘመን በዘመን ይነበባል። አብሮ የሚገኘው የከሰል ብናኝ ደግሞ እሳት መቼ እንደበዛ ይናገራል።

ይህን ሥራ በሐይቅና በጎረቤቱ በአርዲቦ ሐይቅ ላይ ሠርተው በ2003 ካሳተሙት ሦስት ተመራማሪዎች አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ምሁር መሐመድ ኡመር ነበሩ። ያገኙት ውጤት ሁላችንም በቃል ከምናውቀው ታሪክ ጋር አይገጥምም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ድረስ አካባቢው የዝግባና የጥድ ደን ነበር። ከዚያ ወዲህ ደኑ ተመነጠረ፤ በቦታውም ክትክታና ሣር ገብቶ ለ1,800 ዓመታት ያህል ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ግን ጥዱ ከወይራና ከቀወት ጋር እንደገና ተስፋፋ። ዳግመኛው ምንጠራና የአፈር መከላት የበረታው ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ነው። ደን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየሳሳ አልመጣም፤ ሄዷል፣ ተመልሷል፣ ደግሞ ሄዷል። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች «ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» ብለው እንደሚጀምሩ ታውቃላችሁ። ይህ አኃዝ በተመራማሪዎች ዘንድ ብዙ የተነቀፈ ሆኖ ሳለ ማንም ሳይመረምረው ከአንዱ መግቢያ ወደ ሌላው መግቢያ ይቀዳል። ከዚህ በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለው ደለል የሚናገረውን ያነበበ ተማሪ ያን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ እጁ ሊይዘው ይገባ ነበር።

እዚህ ላይ የታሪክ ትምህርት ክፍሉን እጠራለሁ። ከ1400 እስከ 1700 ደኑ ለምን ተመለሰ? ጥናቱ ያቀረበው ግምት ድርቅ የሕዝቡን ቁጥር ቀንሶ መሬቱ ጦም አደረ የሚል ነው። ግምቱ ምክንያታዊ ነው፤ ሆኖም በእነዚያው ሦስት መቶ ዓመታት ውስጥ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት አለ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ1531 መዘረፉ አለ፤ የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴና አሰፋፈር አለ። ሬዲዮካርቦን በአሥርተ ዓመታት ሊሳሳት ስለሚችል ደለሉ ብቻውን ከእነዚህ ምክንያቶች መካከል ሊመርጥ አይችልም። የጥዱ መስፋፋት የጀመረው ከጦርነቱ አስቀድሞ ከሆነ ጦርነቱ መነሻ ሊባል አይችልም፤ ይህን ለይቶ ለመናገር ደግሞ ስለ ሐይቁ ዙሪያ እርሻ፣ ግብርና ሰፈራ የሚናገር ጽሑፍ ወይም የቃል ታሪክ ያስፈልጋል።

የሚያስደንቀው ነገር ያ ጽሑፍ የሚፈለገው እዚያው ሐይቅ ዳር መሆኑ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወደ ሐይቅ የገቡት በ1248 ሲሆን በስማቸው የሚጠራው አራቱ ወንጌል የተጻፈው በ1280 ወይም በ1281 ነው። በብራናው ላይ ከወንጌሉ ሌላ የገዳሙን ንብረትና ታሪክ የሚመለከቱ ማስታወሻዎች ተጽፈዋል፤ ዘመናቸው ከሚታወቅ የግእዝ ጽሑፎችም ቀደምት ከሆኑት ይቆጠራሉ። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ከ1248 እስከ 1535 ያሉትን የሐይቅ አበምኔቶች ቅደም ተከተል አጥንቶ በ1970 ያሳተመው በእንዲህ ያለ ማስረጃ ላይ ተመርኩዞ ነው። በ1973 ደግሞ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣቱ ሥራ ተጀመረና የሐይቁ ወንጌልም ተነሣ፤ ቅጂው በአዲስ አበባና ሚኒሶታ ውስጥ ባለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እዚያ ተቀምጠው በሺህ የሚቆጠሩትን ፊልሞች እያነበቡ ካታሎግ ያዘጋጁት ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ያስገኘላቸውም ይህን የመሰለው ልፋት ነው። ዛሬ ፊልሙ በብዛት ወደ ዲጂታል ስለተለወጠ የደሴ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ጢጣ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ሊያነበው ይችላል። የሚያስፈልገው ግእዝ ማወቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ከዚህ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ በነጻ ይገኛል።

በእስልምናው በኩል ያለው ሀብት ከዚህ ይሰፋል፤ አያያዙ ግን ከዚህ ይልቅ ያሰጋል። ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና ያዘጋጁት በ2001 የታተመው ሥራ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ነበር። አንደኛው በዓረብኛና በአጀም፣ ማለትም በዓረብኛ ፊደል በአገር ቋንቋ የተጻፉ፣ በየመስጊዱ፣ በየዛውያው (የሱፊዎች የትምህርትና የጸሎት ማእከል) እና በየቤተሰቡ እጅ ያሉ ጽሑፎች ናቸው፤ ሁለተኛው ከሸኾችና ከአረጋውያን የተሰማ ታሪክ ነው። የጀማ ንጉሥና የዳና የትምህርት ማእከላት እንዴት እንደተመሠረቱ፣ የ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካስከተለው ሃይማኖትን የማስለወጥ ግፊት በኋላ የአካባቢው ሊቃውንት ምን እንዳደረጉ ለማወቅ የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ብቻ የሚያነብ ሰው ግማሹን እንኳ አያገኝም። ፕሮፌሰሩ በ2009 አርፈዋል። ቃላቸውን የሰጧቸው አረጋውያንም በብዛት የሉም። መንዙማን የሚያጠኑ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህራን ይህን ሥራ ቢቀጥሉት ከግጥሙ ውበት አልፈው የሚያገኙት ነገር ይኖራል። መንዙማ ድርቅን፣ የከብት እልቂትንና የወረርሽኝን ዘመን ያነሣልና ከደለሉ ጋር አብሮ ሊነበብ ይችላል።

ወደ እርሻ ልለፍ። በ1973 ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል የተባሉ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን ከፈተሹ በኋላ ያልተጠበቀ ውጤት አወጡ። ማሽላ ከሚታማባቸው ነገሮች አንዱ ላይሲን የሚባለው፣ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው የፕሮቲን ክፍል በጣም ስለሚያንሰው ነው። በምርመራው ሁለት ዓይነቶች ብቻ ተለይተው ወጡ፤ በፕሮቲናቸው ውስጥ ያለው ላይሲን ከተራው ማሽላ በግማሽ ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ የበለጠ ነበር። ሁለቱም የወሎ ናቸው። የወሎ ገበሬ ወተት በጉንጬና ማር ጩኬ እያለ የሚጠራቸው ከእነዚህ ወገን ያሉ ማሽላዎች ፍሬያቸው ሲደርቅ ስለሚጨማደድ ሲወቁ ምርታቸው ያንሳል። ገበሬው ግን አልጣላቸውም፤ ከሌላው ማሽላ ጋር አሰባጥሮ እየዘራ እሸታቸውን ጠብሶ ይበላል። ላቦራቶሪው በቁጥር የደረሰበትን ምርጫ ገበሬው በጣዕም ደርሶበት፣ ዝቅ ያለውን ምርት ችሎ፣ ዘሩን አቆይቶት ነበር ማለት ነው።

ያ ጽሑፍ በታተመበት በዚያው በ1973 ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሀብ እያለቀ ነበር። ይህን ግጥጥሞሽ ለስሜት ብዬ አላነሣውም፤ ሁለቱ ነገሮች ሲጣመሩ አንድ ዓይነት ዕውቀት ብቻውን ምን ያህል አጭር እንደሆነ ስለሚያሳዩ ነው። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሀብ ሲነሣ ሁላችንም እህል ጠፋ እንላለን። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው የረሀብ ጥናት ላይ ግን የደሴ ገበያ ዋጋ ሲታይ የእህል ዋጋ ከቀድሞው እጅግ የናረ አልነበረም። እንዲያውም ከወሎ የተወሰነ እህል በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ ነበር። ማሳው የደረቀበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጣ፤ ስለዚህ እህል ገበያ ላይ እያለ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። የአፋር አርብቶ አደር ደግሞ ከድርቁ በላይ በአዋሽ ሸለቆ በተስፋፉት የጥጥ እርሻዎች ምክንያት የበጋ ግጦሹን ተነጥቆ ነበር። ከብቱ ሲከሳ በእህል የሚለወጥበት ዋጋም ወደቀ። ሴን በ1998 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ከተጠቀሱላቸው ሥራዎች አንዱ ይህ የረሀብ ጥናት ነው። ደሴ በዚህ ዓይነት በዓለም የምጣኔ ሀብት ትምህርት ውስጥ ቋሚ ምሳሌ ሆና ስትቀር፣ የምጣኔ ሀብት ተማሪዎቻችን ከሰኞ ገበያ በላይ ባለው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሌላ አገር ገበያ ምሳሌ ሲያጠኑ አያለሁ።

ከረሀቡ በኋላ ዘሩን የመመለሱን ሥራ ከሠሩት መካከል መላኩ ወረደን ሳላነሣ አላልፍም። በ1976 በተቋቋመው የዘር ሀብት ማእከል የመሩት ሥራ፣ በተለይም ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በወሎና በሸዋ ከገበሬዎች ጋር ሆነው ነባር ዘሮችን በገበሬው ማሳ ላይ ለማቆየት ያደረጉት ጥረት፣ በ1989 አማራጩ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። የእርሳቸው አካሄድ በዘር ባንኩ ውስጥ ያለው ዘር ማሳ ላይ ካልተዘራ በጊዜ ብዛት ከአካባቢው ጋር መለዋወጡን ያቆማል በሚል መረዳት ላይ የቆመ ነበር። ወተት በጉንጬ ዛሬ በየትኛው ቀበሌ እንደሚዘራ፣ የትኛው ቤተሰብ ዘሩን እንደያዘ፣ ማንስ እንደተወውና ለምን እንደተወው በየሦስት ወይም በየአምስት ዓመቱ የሚጠይቅ አካል ቢኖር ይህ የባዮሎጂም የሶሲዮሎጂም ሥራ ነው። ለሁለት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ቢሰጥ አንዱ ዘሩን፣ ሌላው ሰዉን ያጠናል፤ ማሳው ግን አንድ ነው።

አሁን ከላይ ያልሁትን «መደጋገም» ላብራራ። ወደ ሐይቁ እመለሳለሁ፤ ምክንያቱም የመደጋገም ጥቅም ከሁሉ ይልቅ የታየው እዚያ ነው። ጣሊያኖች በ1938 ሐይቁን አጥንተው ነበር። በጊዜው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋር ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ደግሞ በ1970 ስለ ሐይቁ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ከዚያ በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ተጨመረበት፤ ዓሣው ለአካባቢው ሰው ጠቃሚ ገቢ ሆነ። በ1992 የታተመው ጥናት ግን ውኃው እንደ ድሮው ጥርት ያለ እንዳልሆነ፣ አረንጓዴው አልጌም እንደበዛ አሳየ። እንዴት ታወቀ? የ1938ቱና የ1970ው ልኬት ስለነበረ ብቻ ነው። የቀድሞ ልኬት ባይኖር ኖሮ የዛሬው ልኬት ባዶ ቁጥር ነበር። ለውጡ የመጣው በቆሮሶው ነው ወይስ በዙሪያው ባለው እርሻና አፈር ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለፉት ዐሥርት ዓመታት ባዶ ስለሆኑ ክርክሩ ገና አልተዘጋም። አንድ ሰው በጀልባ ገብቶ ነጭና ጥቁር ሰሌዳ በገመድ ወደ ውኃው እያወረደ ከዓይኑ የሚጠፋበትን ጥልቀት ቢመዘግብ የውኃውን ጥራት ያውቃል። ለዚህ ሰሌዳ፣ ገመድና ደብተር ይበቃሉ፤ ችግሩ በየወሩ መሄድ ነው።

ኮምቦልቻም በዚሁ መንገድ መታየት አለባት። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የሰፈሩባት ስለሆነች በከተማዋ ውስጥ አልፈው ወደ ቦርከና የሚገቡት ወንዞች ፍሳሽ ይቀበላሉ፤ ከከተማው ግርጌ ያለው ገበሬ ደግሞ በዚያው ውኃ መስኖ ያጠጣል። በቆዳ ማልፋት ሥራ የሚውለው ክሮሚየም በውኃውና በደለሉ ውስጥ መገኘቱን ያሳዩ ጥናቶች ታትመዋል። ነገር ግን የወንዝ ውኃ በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣል፤ ፋብሪካው ሌሊት ሊለቅ፣ ዝናቡ ሊያቀጥነው፣ በጋው ሊያወፍረው ይችላል። ሁለት ጊዜ የተቀዳ ናሙና ፋብሪካውንም ገበሬውንም ሊያሳምን አይችልም። የኬሚስትሪ ክፍሉ በአንድ ቋሚ ቦታ ለ10 ዓመት ቢቀዳ፣ የጂኦግራፊው ክፍል ደግሞ መስኖው የትኛው ማሳ እንደሚደርስ ካርታ ቢሠራ፣ ክርክሩ በግምት ላይ መቆሙ ይቀራል። የኮምቦልቻ የሜትሮሎጂ ጣቢያ የዝናብ መዝገብ እዚያው አለ፤ ከዚህ የተሻለ ጎረቤት አይገኝም።

የደሴ መሬት መንሸራተት ሌላው ነው። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተሠራችው ከተማ ሥሯ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ ላዩ ግን በብዙ ቦታ የተፈረፈረና ከላይ ተንከባልሎ የተከመረ አፈር ነው። ዝናብ ሲያርሰውና የከርሰ ምድር ውኃ ከሥር ሲገባ ይንሸራተታል። በ2005 የታተመ የአካባቢው ጥናት የትኞቹ ቁልቁለቶች እንደሚያሰጉ በካርታ ለይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ወደ ላይ ሰፍታለች። ካርታው ግን ከተሠራበት ዓመት በፊት የነበረውን ብቻ ያውቃል። ስንጥቅ መጀመሪያ የሚታየው በቤት ግድግዳ ላይ ነውና ከባለቤቱ በፊት የሚያየው የለም። ስለዚህ የቤት ባለቤቶች ስንጥቁ የታየበትን ወርና ስፋቱን የሚያስመዘግቡበት ቀላል ሥርዓት ከጂኦሎጂው መሣሪያ ያላነሰ ዋጋ አለው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት የሚያበጅ ደግሞ ሰውን መጠየቅ የሠለጠነበት የሶሲዮሎጂ ወይም የጋዜጠኝነት ተማሪ ነው።

ስለ ቅጂ አንድ ነገር ልናገር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎችና የደሴ ሙዚየም ተዘርፈዋል። የተዘረፈ ማይክሮስኮፕና ኮምፒዩተር በገንዘብ ይተካል፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ብቻ የነበረ የመስክ ደብተር፣ የድምፅ ቅጂ፣ የወንዝ ልኬት ግን አይተካም። የሐይቁ ወንጌል ቢጠፋ እንኳ ማይክሮፊልሙ ሚኒሶታና አዲስ አበባ ላይ አለ። ማስረጃ ከዚህ መውጣቱን ስናነሣ ይህንም ማየት ተገቢ ነው፤ የወጣው ቅጂ አንዳንድ ጊዜ የቀረውን ያድነዋል። የምጠይቀው ከዚህ የሚወጣ ማንኛውም ደለል፣ ዘር፣ የድምፅ ቅጂ ወይም ፎቶ ሲወጣ አንድ ቅጂ ወይም ግማሽ ናሙና እዚሁ እንዲቀርና ከተሠራበትም በኋላ ውጤቱ በአማርኛ ተጠቃሎ ለወረዳውና ለገዳሙ፣ ለመስጊዱና ለገበሬው እንዲደርስ ነው።

ይህ ሁሉ የሚታሰበው መምህሩ እንዲሠራው ምክንያት ሲኖረው ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የማዕረግ እድገት የሚታየው በታተመ ጽሑፍ ብዛት ስለሆነ 10 ዓመት ሙሉ የሐይቁን ጥራት የለካ ሰው፣ ልኬቱን ገና ካላሳተመ፣ ምንም እንዳልሠራ ይቆጠራል። በአንጻሩ በአንድ ሳምንት ሁለት መቶ መጠይቅ በትኖ በሦስት ወር ያሳተመ ያድጋል። ይህን መለወጥ ከኮሌጅ ሥልጣን በላይ መሆኑን አውቃለሁ። ኮሌጁ በራሱ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ግን አለ፦ ለረጅም ጊዜ የሚቀጠሉ ልኬቶችን መዝገብ በስም ከፍቶ፣ መዝጋቢውን የመዝገቡ ባለቤት አድርጎ፣ በመዝገቡ የሚጠቀም ሁሉ ስሙን እንዲጠቅስ ማስገደድ ይችላል። የባቲን የሰኞ ገበያና የደሴን የሰኞ ገበያ የእህልና የከብት ዋጋ በአንድ መዝገብ መያዝም ከዚሁ ይቆጠራል። ሴን ያነበቡት ዓይነት ቁጥር እንደገና ሲያስፈልግ ከእኛ እጅ እንዲገኝ ነው።

በመጨረሻ ስለ ትምህርት ዘመን አቆጣጠራችን። ትምህርቱ የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ተማሪው ወደ ቤቱ፣ መምህሩ ወደ ዘመዱ፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛውም ወደ ዓመት ፈቃድ የሚሄደው ያኔ ነው። ሐይቁ የሚሞላው፣ የደሴ ቁልቁለት የሚንሸራተተው፣ ወንዙ በጎርፍ የሚለዋወጠው፣ ገበሬው ማሽላውን እየኮተኮተ አዝመራውን የሚገምተው ግን በእነዚያው ሁለት ወራት ነው። የሰበሰብናቸውን የመስክ መረጃዎች ብታዩ ከመስከረም እስከ ሰኔ ሞልተው ክረምቱ ላይ ባዶ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፤ ዝናቡን ለማጥናት ተነሥተን በዝናቡ ጊዜ የለንም ማለት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው አዲስ ሕንፃም አዲስ መሣሪያም አይደለም። በሐይቅ ከተማ፣ በኮምቦልቻና በደሴ ነዋሪ የሆኑ፣ ደሞዛቸው ክረምት ከበጋ የማይቋረጥ ሦስት ቋሚ የመስክ መዝጋቢዎች እንዲቀጠሩ፣ ቅጥራቸውም በፕሮጀክት ሳይሆን በኮሌጁ መደበኛ በጀት እንዲሆን ነው። ሦስቱ መዝጋቢዎች በሐምሌ 1 ሥራ ላይ ቢሆኑ የመጀመሪያው ሙሉ ክረምት በነሐሴ መጨረሻ በእጃችን ይሆናል።